ባለ አልጋ እግሯ ማሽን

ጥቅምት 3

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለሚጣዬ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ሥራሽ የቀና፣ እንቅልፍሽ የጣፈጠ ይሁን። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም የሚያመኝ ጎንበስ ስል ብቻ ነው፤ ችግሩ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ መዋሌ ነው። እናትሽም ደህና ናት። በስልክ ለምን አትነግረኝም እንዳትይ። እዚህ ቤት ስልክ ሲነሳ እትዬ፣ እናትሽ፣ አጠገቤ ናት፤ የማሽን ነገር ካነሳሁ ቀምታኝ ስለ ጎረቤት ታወራልሻለች።

ዘጠነኛዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገባች። ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ጓሮ ነው ያገኘኋት፤ ዶሮ ዕንቁላል ትጥልባት ነበር። ሦስት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት ከዝገቱ ሥር ነጭ ቀለም ብቅ አለ። ሞተሯን ፈታሁ፣ ኩሽኔታዋን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ ስሰካት መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ከዚያ ዞረች። እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። እትዬ በመስኮት አይታኝ «ይሄ ሰውዬ ለሰው እንዲህ ስቆ አያውቅም» አለች።

መቼም የምሰበስበው አዳዲሶቹን፣ ባለ መስታወት በሮቹን እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። የእኔ የድሮዎቹ፣ ከላይ መጭመቂያ ያላቸው ናቸው። ሁለቱ የጎማ ሮለሮች ልብሱን ውሃ እንደጠገበ ውጠው በዚያ ማዶ አድርቀው የሚተፉት። አሁን በረንዳው ሞልቶ ሁለቱ ሳሎን ገብተዋል። እናትሽ «ቤቱ የማሽን መጦሪያ ሆነ፤ እኔን ደግሞ አስታማሚ አደረገኝ» ትላለች። ማሽን ሥር ተኝቼ እጄን ስዘረጋ ካቻቢቴ ማቀበል ስላለባት ነው የምትማረረው። ለሰው ሁሉ «በሕይወቱ አንድ ዕቃ ራሱ አንስቶ አያውቅም» ብላ አስወርታብኛለች። እውነቷን ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሆቴል ማጠቢያ ክፍል መካኒክ ሆኜ ስሠራ እጄን ዘርግቼ የለመድኩት ዓመል ነው።

እንግዲህ የምለምንሽ። ሁለት ቺንጋ፣ አንድ የጎማ ሮለር፣ ሦስት ደግሞ ያችን ሞላ። ወፍራም ነገር ሲገባ የላይኛውን ሮለር ብድግ የምታደርገዋን ማለቴ ነው። ልኳን ከወረቀቱ ጀርባ ስዬልሻለሁ፤ የሌባ ጣት ታክላለች፣ አንድ ጫፏ ቆልማማ ነው። የቀረው ቢጠፋ ሞላዎቹ አይቅሩብኝ።

እናትሽ ከጎኔ ሆና «ለብሳ ትውጣ በላት» ትላለች።

አጎትሽ

ኅዳር 21

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ወገብዎን እግዜር ይማርልዎ፤ ከማሽን ሥር የሚያወጣዎትን ሰው ደግሞ ቶሎ ይላክልዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከሥራ መመለሴ ነበር፤ ኮቴን ሳላወልቅ አነበብኩት። ስለ ዶሮዋ ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ እዚያው አረጋውያን መጦሪያው ምድር ቤት ነኝ። ስምንት ማጠቢያ፣ አራት ማድረቂያ፣ አንድ መስኮት። በእያንዳንዱ አዛውንት ካልሲና ሸሚዝ ላይ የስም ምልክት እሰፋለሁ፤ ሰውየው ሲሞት ምልክቱን እፈታለሁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ፈትቻለሁ። ማሽኖቹ በሩ ካልተዘጋ አይዞሩም፤ መዞር ከጀመሩ በሩ አይከፈትም። ሰው እጁን ላስገባ ቢል እንኳ አያስገባም። አንዳንድ ቀን ፊታቸው ቆሜ ይህንኑ አስባለሁ።

ዕቃዎቹን አግኝቻለሁ። ስለ ሻጩ ሽማግሌ ነግሬዎታለሁ፤ ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው። እሱም እንደ እርስዎ ነው፤ ሚስቱ ትታው የሄደችው በማሽን ቀንታ ነው ይላሉ። ሞላ ሲሸጥ ሳይፈትን አይሰጥም። ሱቁ ውስጥ ባለች አሮጌ መጭመቂያ ላይ ይገጥማትና በፎጣ የተጠቀለለ ካሮት ያስገባል። ካሮቱ ሳይሰበር ሮለሩ ብድግ ካለ ሞላዋ ጥሩ ናት። ከተሰበረ ይጥላታል። የእርስዎ ሦስቱም አልፈዋል። ሦስቱን ካሮት እዚያው ቆመን በላናቸው።

ሽማግሌው ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። «አጎትሽ ሞላ ይበላል እንዴ?» አለኝ። ቁጭ ብዬ ስቆጥር እስከ ዛሬ ሃያ ስድስት ልኬያለሁ። ማሽንዎ ዘጠኝ ነው። ቺንጋ ያልቃል፣ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ሞላ ግን አንዴ ከተገጠመ ባለቤቱን ይቀብራል ይላል ሽማግሌው። የቀሩት የት ገቡ?

የእማዬ እጅ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? እሷን ስጠይቃት መልሷ ያው ነው፤ «ቸኩዬ ነው፣ የገዛ ጥፋቴ ነው፣ አሁን ምን ያደርጋል» ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልቀየረችም። ሦስቱ ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም ወይ? እርስዎ በደንብ አይተው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 9

ለሚጣዬ፣ ለቤታችን መከታ፤

ክፉ አይንካሽ። የላክሽው ጥቅል ሳይጎድል ደርሷል። ሮለሯ ልክክ ብላ ገባች፤ ዘጠነኛዋ አሁን አንሶላ ስትጨምቅ ጠብታ አታስቀርም። ካሮቱን ለእትዬ ብነግራት በጣም ሳቀች። ሞላ ለምን እንደሚፈተን ግን አልነገርኳትም።

የእጇን ነገር ጠይቀሻል። ሦስቱ ጣቶች እንዳሉ ናቸው። በብርድ ጊዜ ብብቷ ሥር ትከታቸዋለች። በግራ እጇ ሁሉን ትሠራለች፤ ልብስ ስታሰጣ መቆንጠጫውን በጥርሷ ትይዛለች። አግዛት ዘንድ ከተጠጋሁ ትቆጣለች።

ስለ ሞላዎቹ እውነቱን ልንገርሽ። የራሴ ማሽኖች ላይ ብቻ አይደለም የምገጥማቸው። መጭመቂያ ያላት ማሽን አለች በተባልኩበት ቤት እሄዳለሁ። በር አንኳኩቼ «ሞላዋን ልየው» እላለሁ፤ የደከመች ከሆነች አውጥቼ አዲስ እገጥማለሁ። ዋጋ አልጠይቅም። ግማሹ ሰው ይመርቀኛል፣ ግማሹ እብድ ነው ይለኛል። አንዷ ሴትዮ ውሻ ለቃብኛለች። ጡረታ የወጣ ሰው መቼም አንድ ሥራ መያዝ አለበት።

አሁን ደግሞ አንድ ሞተር ጠምጣሚ ወዳጄ አንድ ወሬ ነገረኝ። ከዓመታት በፊት አንዲት ማሽን ለጥገና መጥታለት ነበር። ሦስት እግሯ የራሷ፣ አራተኛው የአልጋ ብረት። የማን እንደሆነች አያስታውስም። አልጋ እግር የበየድኩላት ማሽን በዓለም ላይ አንዲት ናት፤ እሷም ከእናትሽ ጋር የሰው ልብስ ታጥቡባት የነበረችው የእናንተዋ አረንጓዴ ናት። ስሸጣት ደላላው ሲጭናት አንቺ በር ላይ ቆመሽ ነበር። ሰውየው ማን ይባል ነበር? ወዴት እንደሚወስዳት ተናግሮ ነበር? የምታስታውሽው ካለ ጻፊልኝ። በስልክ ግን አታንሺው።

አጎትሽ

ጥር 30

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ደላላውን አላስታውስም። ያን ሰሞን ማስታወስ የቻልኩት የሐኪም ቤቱን ኮሪደር ብቻ ነው።

ያቺን ማሽን ለምን ፈለጓት? የእማዬን እጅ የበላችውን አምጥተው አሥረኛ አድርገው በረንዳ ላይ ሊያቆሟት ነው? እማዬ በየቀኑ እያየቻት ልብስ ልታሰጣ? ካገኟትም ቀጥቅጠው ይጣሏት እንጂ ወደ ቤት እንዳያመጧት።

ደግሞስ በስልክ የማይነሳ ምን ነገር ተገኘ?

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 2

ለሚጣዬ፤

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅ። መልስ ሳልሰጥሽ ሁለት ወር አለፈኝ። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ አምስተኛዋ ይህቺ ናት፤ እሷን ሳልቀድ እልክልሻለሁ።

አርባውን ብርድ ልብስ ታስታውሻለሽ። የእንግዳ ማረፊያው ለማግስቱ የሚፈልጋቸው። አረንጓዴዋ አንዱን ብርድ ልብስ ስትጎርስ ሮለሩ ብድግ፣ ደግሞ መልሶ ማሰር፣ ደግሞ ብድግ። ሞላዋ ደክማ ነበር። አዲስ ሞላ ከየትም አይገኝም ነበር። እናትሽ የታጠበ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። እኔ ሥሯ ገብቼ አየሁና ከወተት ቆርቆሮው ሚስማር ወስጄ ማስለቀቂያው ቀዳዳ ውስጥ ሰደድኩት፤ ጫፉን በፒንሳ አጠፍኩት። ከዚያ ወዲያ ተራራ ብታስገቢባት አትዘልም። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ግን ለአንድ ቀን ነው ብዬ ነበር። ብርድ ልብሶቹ እስኪያልቁ።

በማግስቱ በጠዋት ሥራ ገባሁ። ለእናትሽ «ታስራለች፣ ተጠንቀቂ» አላልኳትም። ለምን አላልክም ብትይኝ፣ ረሳሁ። እዚያ ሆቴል ውስጥ የአምስት ማሽን ሞላ እየፈተሽኩ የገዛ እህቴን ረሳሁ። በአሥር ሰዓት ጠሩኝ።

የባሰውን አሁን ነው የምነግርሽ። ሐኪም ቤት ሆና ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የተናገረችው «ቸኩዬ ነው» ነው። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ቃል አዳነችኝ። በሦስተኛው ቀን ማሽኗን ለመጀመሪያው ደላላ ሸጥኳት። ያቻኮለኝ ሐዘን አልነበረም። ሰው ከፍቶ ሚስማሩን እንዳያይ ነው። ሚስማሩን ለመንቀል እንኳ ሥሯ መግባት ፈራሁ። እንደታሰረች ሄደች።

እንግዲህ ዘጠኝ ማሽን ሰበሰብኩ፣ ሃያ ስድስት ሞላ አስላክሁሽ። ሰው አሮጌ ነገር ይወዳል ይለኛል። እኔ የምፈልገው አንዲቷን ነው። የማንኳኳው በር ሁሉ የእሷ ይሆናል እያልኩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የማን እጅ እንደገባባት አላውቅም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ፤ ይገባኛል። ለእናትሽ ግን እስካሁን አልነገርኩም። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ አንድ ገበታ ነው የምንቀርበው፣ በየቀኑ ጥፋቷ የራሷ እንደሆነ ስትናገር እሰማታለሁ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 24

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አሁን መጻፍ አልችልም።

ግንቦት 17

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ አራት ቀደዱ፤ እኔ ስድስት ቀድጃለሁ። ዘራችን መሆን አለበት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሥራ ቦታ አንዱን አንሶላ ሦስቴ አጥፌ ሦስቴ ፈታሁት። ስናደድ ግን የተናደድኩት ስለ ሚስማሩ አልነበረም። ደብዳቤዎ ላይ «ሚስማር ወስጄ» ብለው ስለጻፉ ነው። እርስዎ መቼ ነው ዕቃ ራስዎ ወስደው የሚያውቁት? እኔን ሊያተርፉኝ ብለው ነው ወይስ ረስተውት?

እኔ ነኝ ያቀበልኩዎት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ሕፃን አልነበርኩም። ከሥር ሆነው እጅዎን ዘረጉ፤ ከወተት ቆርቆሮው ረጅሙን መርጬ ሰጠሁዎት። ከዚያ በፊትም «ጋሼ፣ አንድ ነገር ያድርጓትና ልገላገል» ብዬ የጨቀጨቅኩዎት እኔ ነኝ። በማግስቱ መጭመቂያው ጋ መቆም የነበረብኝም እኔ ነኝ። ጸጉሬን ልሠራ ሄድኩ። «እማዬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ያዢልኝ» አልኳት። ተሠርቼ ስመለስ በሩ ክፍት ነበር፣ ውሃው ወለሉ ላይ ነበር።

ደላላው ሲጭናት ሚስማሩን አይቼዋለሁ። ጋሪው ላይ ስትተኛ ሆዷ ወደ እኔ ዞረ፤ የታጠፈው ጫፍ ያብረቀርቅ ነበር። ዝም አልኩ። እርስዎ ሚስማሩን ረስተውታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ አገር ለቅቄ ወጣሁ፤ እማዬን ሠርቼ ላሳክማት ብዬ እንደወጣሁ ለሰው አወራለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን እጇን በየቀኑ ማየት አቅቶኝ ነው።

ጥር ላይ አላስታውስም ያልኩዎት ውሸት ነው። ሰውየው ሰማያዊ ጋሪ ነበረው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ያስራል። «ወንዝ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ፣ የምትፈልጋት ሴት አለች» አለ። ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ይሂዱና ይፈልጓት።

አንድ ሞላ ልኬያለሁ። ሽማግሌውን ሦስት ጊዜ አስፈትኜዋለሁ። በሦስተኛው ዓይኔን አይቶ «ምን ሆነሻል?» አለኝ፤ ጉንፋን ነው አልኩት።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 14

ለሚጣዬ፤

እንባሽን እግዜር ያብሰው። ሚስማሩን ማን እንዳቀበለኝ ረስቼው አልነበረም። ስለ አንቺ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አገኘኋት።

ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ አንድ ጠባብ ግቢ አለ፤ አራት ረድፍ ገመድ፣ ሁለት ትልልቅ በርሜል፣ መሃል ላይ እሷ። ሰማያዊ ቀብተዋታል፤ የአልጋ እግሯ ግን ያው ነው። ልብስ አጣቢዋ ጠንካራ ሴት ናት፣ ክንዷ የእኔን ሁለት ያህላል። «ሞላዋን ልየው» ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሚስማሩ እዚያው አለ። ከመተሻሸት ብዛት እንደ ቀለበት ይብለጨለጫል።

በበረንዳዬ ካሉት መርጠሽ ውሰጂ፣ ይህቺን ስጪኝ አልኳት። ነጯን፣ ዘጠነኛዋን አቀረብኩላት። ሳቀችብኝ።

«ያንተ ትዘላለች፤ የኔ አትዘልም» አለች። «በዚህ ሰፈር ብርድ ልብስ በአንድ ጊዜ ጨምቃ የምታወጣ የኔ ማሽን ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ይዞ ነው የሚጨምቅባት። ለሷ ብለው ከሩቅ የሚመጡ አሉ።»

«የማትዘለው ስለታሰረች ነው» አልኳት።

«ማን አሰራት?»

«እኔ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ለእናትሽ ያልተናገርኩትን ለማላውቃት ሴት፣ በቆመችበት፣ እጇ በአረፋ እንደተነከረ። ሰምታ ስትጨርስ «እህትህ ይህን ታውቃለች?» አለች። አታውቅም አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠረገችና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንተ ደግሞ ሰው ቤት መድኃኒት ፍለጋ ትዞራለህ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ምንም አላደረገችኝም። በአንተ ወሬ እንጀራዬን አላስነካም። ማሽን የፈለገ ደላላ ብዙ ተረት ያወራል። እህትህ ካለች አምጣት፤ እጇን አይቼ ከአፏ ከሰማሁ ሞላህን ትገጥማለህ። ካልሆነ በሩ ያ ነው።»

ወጥቼ ጎማ ጠጋኞቹ ጋ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሮለሩ ድምፅ ይሰማኛል። ሚጣዬ፣ ያን ድምፅ እየሰማሁ መነሳት አቃተኝ።

አጎትሽ

ሐምሌ 3

ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይንገሯት። ይህ ወረቀት በደረሰ ቀን ይንገሯት። እዚያ ግቢ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከዓይኔ አልጠፉም። ማሽኖቼ ፊት ስቆም እነሱን ነው የማየው።

እኔን በሚመለከት ግን አደራ። ሚስማሩን ማን እንዳቀበለዎት አይንገሯት። ስመጣ በአፌ እነግራታለሁ። መቼ እንደምመጣ አላውቅም። ፈሪ ነኝ ጋሼ፤ እርስዎ ያውቁታል፣ አንድ ላይ ነው የፈራነው።

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 28

ለሚጣዬ፤

እግዜር ያበርታሽ። የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሻለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጠዋት ነው። እናትሽ ልብስ ታሰጣ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት፤ ብርድ ልብሶቹን፣ ሞላዋን፣ ሚስማሩን፣ መሸጤን። መቆንጠጫው በጥርሷ እንዳለ ሰማችኝ። ሸሚዙን ሰቀለች፣ ቀጥላ አንሶላውን፣ ቀጥላ ፎጣዎቹን። ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ከዚያ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

«አሁንም አለ ሚስማሩ?»

«አለ።»

«ጫማዬን አምጣልኝ።»

ድልድዩን ቀድማኝ ተሻገረች። ግቢው ስንደርስ ለልብስ አጣቢዋ ቀኝ እጇን ዘረጋችላት። ሴትየዋ ጨርቅ እንደሚያይ ሰው እጇን ገልብጣ አየች፤ የማይታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ ሄዳ ማሽኗን ራሷ ከሶኬት ነቀለችና ከፊቴ ዞር አለች። ሥሯ ገባሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ታወሰኝና መልሼ ሰበሰብኩ፤ ተነስቼ ፒንሳዬን ራሴ አመጣሁ። ሚስማሩ እንቢ ብሎኝ ብዙ ታገልኩ። ስነቅለው እትዬ መዳፏን ዘረጋች። ሰጠኋት። የላክሽውን ሞላ ገጠምኩ።

ለመፈተኛ የእንጨት ማንኪያ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ሳወጣው እናትሽ አየችኝ።

«በእንጨት አይደለም» አለች። «እኔ በእንጨት አልነበረም የገባሁት።»

ልብስ አጣቢዋ «ኧረ እታለም» አለች። እትዬ አልሰማቻትም። ሶኬቱን ሰካችና ግራ እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቀኝ እጄን ሰጠሁ።

አበራችው። ሮለሩ የጣቶቼን ጫፍ ያዘ፣ ሳበ፣ እስከ መጀመሪያው አንጓ ወሰደኝ። በዚያች ቅጽበት እሷ ያየችውን አየሁ። ማንም አይመልሰውም፤ ማሽን አይሰማም። ከዚያ ሞላዋ ሠራች፣ ሮለሩ ብድግ አለ፣ እጄ ወጣ። ጥፍሬ ጠቁሯል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እናትሽ አጠፋችውና ለልብስ አጣቢዋ «እንግዲህ ይዘላል፤ ብርድ ልብስሽን ለሁለት አጥፈሽ ሳይሆን ነጠላውን አስገቢው» አለቻት። እኔ በዓመታት ያልደረስኩበትን መላ ነው እሷ ቆማ የተናገረችው። አርባውንም እንዲያ ማስገባት እንችል ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመች። ሚስማሩን ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጣለችውም። በመሀረቧ ጠቅልላ መልሳ ከደረቷ ከተተችው። አሥራ አንድ ዓመት «ቸኩዬ ነው» ስትል የኖረችው ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፏ አልወጣም። ከእኔ ጋር አንድ ገበታ አልቀረበችም። ድምጿን አጥቼ በረንዳው ጭር ብሎብኛል። እሑድ ስልኩን ያላነሳችውም አሟት አይደለም።

ትናንት ነው የተናገረችኝ። ዘጠነኛዋን ስወለውል መጥታ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ዕቃ ራስህ አንስተህ አታውቅም» አለች። «ሥሯ ተኝተህ እጅህን ነው የምትዘረጋው። ሚስማሩን ማን አቀበለህ?»

አደራሽን ጠብቄያለሁ። ዝም አልኩ። እሷም የኔን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቀዋለች። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለች።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሄጄ «ከአንቺ ምን ልበላት?» አልኳት። እንደ ወትሮው «ለብሳ ትውጣ» አላለችኝም።

«ለእኔ ትጻፍልኝ፣ በስሜ» አለች። «ዓይኔ ደህና ነው፤ ራሴ አነበዋለሁ።»

አጎትሽ